ያው አንድ ኩሬ፣ ፒኤቹ ጧት 6.5፣ ከሰዓት በኋላ 9፦ ዓሦቼ ለምን ሞቱ?

የመራዊ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ መሬት ላይ 15 በ10 ሜትር የሆነ የዓሣ ኩሬ አለኝ። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከምናምን ነው። ከወንድሜ ጋር በዶማና በአካፋ የቆፈርነው ነው። አፈሩ ቀይ ነው፣ ውሃ ይይዛል። ከግቢያችን ጉድጓድ በሞተር እየሳብን ሞላነው፣ የካቲት ላይ ከባሕር ዳር 300 የቆሮሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ጫጩት አምጥቼ ለቀቅኩበት። የሚበሉት ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ውሃው አረንጓዴ እንዲሆን በየሳምንቱ እበት እጨምራለሁ፣ በሥልጠናም የተነገረን እንደዚያ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ደስ እያለኝ ነበር የሚያድጉት።

ሐምሌ ገብቶ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ ሰነበትን። በሦስተኛው ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ከብት ላይ ስነሳ ከኩሬው በኩል ሰው በአፉ የሚጠባ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ባትሪ ሳበራ ዓሦቹ በሙሉ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ስጠጋቸው እንኳ አልሸሹም። ሲነጋ 43 ሞተው ለቀምኩ። ከመዳፌ የሚበልጡት፣ ዓይኔ ያረፈባቸው ናቸው ያለቁት።

ከዚያ ባሕር ዳር ሄጄ ቀለሙን የሚቀይረውን የፒኤች ወረቀት ገዛሁ፣ ውሃው ከ7 ሲወርድ አሲድ፣ ከ7 ሲበልጥ ሶዳ መሆኑን የሚያሳየውን። ጧት 12 ሰዓት ስነክረው 6.5 አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ስነክረው 9 አለ። ወረቀቱ ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ቀን ደጋገምኩት፣ ያው ነው። አንድ ውሃ እንዴት ጧት አሲድ ከሰዓት ሶዳ ይሆናል?

ጎረቤታችን «የኛ አገር አፈር አሲድ ነው፣ ለስንዴውም ኖራ ነው የምንበትነው፣ ኩሬውንም ኖራ አቅምሰው» ብሎ አንድ ጆንያ ኖራ ሰጥቶኛል። ነገ ጧት ልበትነው ነው። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

ገንዳ ጠባቂ

አይዞህ ወንድሜ። እኔ አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ የመስታወት ገንዳ ነው ያለኝ፣ ግን ውሃ ውሃ ነውና የደረሰብኝን ልንገርህ።

ዓሣ በሚተነፍስበትም በሚጥለውም አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ነው የሚሆነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓሣ ይገድላሉ፣ ናይትሬት ግን ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ አዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው እስኪበቁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጥቤ መለስኩት። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ጨረሳቸው፣ በሳምንቱ ዓሦቼም አለቁ። አሁን ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው፣ የቧንቧ ውሃም ክፍት ባልዲ ላይ አንድ ቀን ሳላሳድር አልጨምርም።

ያንተም አሞኒያ ይመስለኛል። ግማሹን ውሃ ቀይርለት።

እትዬ ኩሬ

የመራዊ ልጅ፣ ያንን ኖራ እንዳትነካው። መጀመሪያ ይህን አንብበህ ጨርስ።

16 ዓመት በዓሣ ማራቢያ ኩሬዎች ላይ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ አሁን ባሕር ዳር ነኝ። ገንዳ ጠባቂ ያለው ስለ አሞኒያ እውነት ነው፣ የመስታወት ገንዳ ላይ እኔም መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። አፈር ኩሬ ግን ሌላ ነው። አፈር ኩሬ ላይ አሞኒያውን በብዛት የሚበላው አረንጓዴው ነው፣ ማጣሪያህ እሱ ነው።

ዓሣ ሞተ ሲሉኝ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። ሊነጋ ሲል ከሆነ፣ አፋቸውን አውጥተው ካዛጉ፣ ከሞቱትም ትልልቆቹ ከበዙ፣ ነገሩ የትንፋሽ ማጠር ነው። ትልቅ ዓሣ ኦክስጅን ሲያንስ ቀድሞ ይወድቃል። መርዝ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው የሚቀድሙት። አንተ ሦስቱንም በገዛ እጅህ ጽፈኸዋል፦ 11 ሰዓት፣ የሚጠባ ድምፅ፣ ከመዳፍ የሚበልጡ።

ውሃህን አረንጓዴ ያደረጉት በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ዕፅዋት ናቸው። ፀሐይ ሲያገኙ ኦክስጅን ያወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ኩሬው በኦክስጅን ይሞላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ማምረቱ ይቆማል፣ መተንፈሱ ግን አይቆምም። እነሱም ይተነፍሳሉ፣ ዓሣውም ይተነፍሳል፣ ከታች ያለው እበትም ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። ሌሊት ላይ ከዓሦችህ ይልቅ ብዙ የሚበሉት አረንጓዴውና እበቱ ናቸው። ሦስት ቀን ፀሐይ ሲጠፋ ገቢው ቀረ፣ ወጪው እንደነበረ ቀጠለ። በሦስተኛው ሌሊት ጎተራው ባዶ ሆነ።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። እኛ ከፍታ ቦታ ላይ ነን። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 22 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር እስከ 8.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ያው ውሃ የሚይዘው 6.8 ገደማ ነው፣ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ። ከቆላ አገር የተጻፈ መመሪያ «በካሬ ይህን ያህል ዓሣ፣ ይህን ያህል ፍግ» ሲልህ ከዚያ ላይ ቀንሰህ ውሰድ። የኛ ኩሬ ሌሊቱን የሚጀምረው በትንሽ ስንቅ ነው።

አሁን ወደ 6.5 እና 9 ልምጣ። ወረቀትህ ደህና ነው። ሌሊት ሁሉም ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል፣ እሱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚሆን ፒኤቹ ይወርዳል። ቀን አረንጓዴው ያንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅሞ ሲበላው ፒኤቹ ይወጣል። በየትኛውም ኩሬ ይህ አለ። ጤነኛ ኩሬ ላይ ግን ከ7.3 ወደ 8.3 ነው የሚሄደው፤ ያንተ ሁለት ተኩል ቤት ይዘላል። እንደዚህ የሚዘለው ውሃው የሚያረጋጋው ነገር ሲያጣ ነው። ያ የሚያረጋጋው አልካላይኒቲ ይባላል፣ ከኖራ ድንጋይ የሚሟሟው ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ነው። አሲድ ሲመጣ ይቀበለዋል፣ ካርቦኑ ሲጠፋም ከራሱ ያወጣለታል። በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ውሃው እንደ ዘንግ ያለ ምርኩዝ ያጣ ሽማግሌ ነው፣ ትንሽ ነገር ይጥለዋል። 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ይረጋጋል። የናንተ ቀይ አፈር አሲድ ስለሆነ ያለውን አልካላይኒቲ ይበላዋል፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ያቀጥነዋል።

አሞኒያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ አንዱ ይገድላል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤቹና ሙቀቱ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከሺህ እጅ ገዳዩ ስድስት አይሞላም። 8 ሲሆን ሃምሳ ያህል ነው። 9 ሲሆን ከሦስት መቶ ሃምሳ ይበልጣል። ስለዚህ ኩሬህ ሁለት ጠላት አለው፣ ሰዓታቸውም የተለያየ ነው፦ ንጋት ላይ የኦክስጅን እጦት፣ ከሰዓት አሞኒያ። ይህን ጊዜ የገደለው የመጀመሪያው ነው፣ ሁለተኛው ግን በር ላይ ቆሟል።

ጎረቤትህ ኖራ ማለቱ ከሐሳቡ አልሳተም። ግን ኖራ የሚባለው ነገር አንድ አይደለም። ለእርሻ የሚሆነው ተፈጭቶ ብቻ የሚመጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ለግድግዳ የሚሆነው በእሳት የተቃጠለ ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። በሠራሁበት አንድ ቦታ የእርሻው ታዝዞ የግድግዳው መጣ፣ ዓሣ ያለበት ኩሬ ላይ ጧት ተበተነ። እኔም ከበተኑት አንዷ ነበርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠራ፣ ከታች ያለው ጠጠር ሳይቀር ታየኝ፣ ዓሣው በሙሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። አንዱን አንሥቼ ስንጥቡን ስገልጠው ቀይ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ንፍጥ ለብሶ ነበር። የተቃጠለ ኖራ ፒኤቹን ከ11 በላይ ይወስደዋል። ያንተ ኩሬ ደግሞ የሚያረጋጋው ስለሌለው ጥቂቱ ይበቃዋል።

ስለዚህ ከጆንያው አንድ ማንኪያ ሰሃን ላይ አውጣና ሎሚ ጨምቅበት። ከፈላና አረፋ ከሠራ የተፈጨው ድንጋይ ነው። ካልፈላ፣ እርጥብ ጣትህ ላይም እንደ ሳሙና ካሙለጨለጨ የግድግዳው ነው፤ እጅህን ቶሎ ታጠብና ጆንያውን አርቀው። አመድም ጨምር የሚልህ ካለ እንዳትሰማው፣ እሱም ፒኤቹን ይሰቅለዋል።

እስከዚያው እበቱን አቁም። ዳር ዳር የተንሳፈፈውን በወንፊት ልቀመው። ሰማዩ ካልገለጠ ምግብ አትስጥ፣ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ባይበላ አይሞትም። ፀሐይ ስትወጣ ከ4 ሰዓት በኋላ ብቻ፣ ግማሹን ስጥ። ዛሬ ሌሊት ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሞተሩን አስነሳና ውሃውን ከከፍታ ድንጋይ ላይ እየተሰበረ እንዲወርድ አድርገው። ቱቦውን ዝም ብለህ ኩሬው ውስጥ እንዳትከተው፣ የጉድጓድ ውሃ ከመሬት ሲወጣ ራሱ ኦክስጅን የለውም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የተሸከመው። ሲሰበር ግን አንዱን ይጥላል ሌላውን ያነሣል።

የሎሚውን ንገረኝ፣ እጠብቃለሁ።

የመራዊ ልጅ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሎሚ ጨመቅኩበት። ምንም አልፈላም። ጣቴ ላይ እንዳሉት ያሙለጨልጫል፣ ቆይቶም አቃጠለኝ። ጎረቤቴን ስጠይቀው ቤት ሲቀባ የተረፈው ነው አለኝ። እሱም ደነገጠ። ነገ ጧት ልበትነው ነበር፤ ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሌሊት ሞተሩን አስነሥቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሬ ውሃውን በዚያ ላይ ለቀቅኩት። 11 ሰዓት ላይ ዓሦቹ ውሃው በሚወርድበት ጥግ ተሰብስበው ነበር፣ ሌላው ጥግ ላይ ሁለት ብቻ ሞተው አገኘሁ። ችግሩ ነዳጁ ነው፣ ሌሊት ሌሊት እየነዳሁ አልችልም።

የሸለቆው

ሰላም ከእስራኤል። ቤት ሼአን ሸለቆ ውስጥ በአንድ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) የዓሣ ኩሬ ላይ ነው የምሠራው፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። እትዬ ያሉትን ሳነብ የራሴን ሥራ ያነበብኩ መሰለኝ።

እኛ ዘንድ ዓሣው እጅግ የታጨቀ ስለሆነ መቅዘፊያ ያላቸው ሞተሮች ውሃውን እየመቱ ያድራሉ። ኦክስጅኑን በመሣሪያ ነው የምንለካው። ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ሰዓት ከንጋት በፊት ያለው ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚለካ ሰው ምንም አያይም፣ ኩሬው ጤነኛ ይመስለዋል።

ስለ ነዳጁ፦ በየሌሊቱ አያስፈልግህም። ቀኑ ደመና ከዋለ፣ ወይም አረንጓዴው በድንገት ወደ ቡኒ ከተለወጠ ያን ሌሊት ብቻ ንዳ። አረንጓዴው በአንድ ጊዜ ሲሞት ማምረቱ ይቀራል፣ ሬሳው ደግሞ መበስበስ ይጀምራል። ከሁሉ የከፋው ሌሊት እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የኛ ሸለቆ የምንጭ ውሃ ጨው ያለበትና ጠንካራ ነው፣ ፒኤቹ እንዳንተ አይዘልም። ግን ቀኑን ሙሉ ከ8 በላይ ስለሚቆይ ምግብ ስናበዛ አሞኒያው ያስቸግረናል። ኖራ ስትጨምር ይህን አስብበት።

እትዬ ኩሬ

ተመስገን። ጆንያውን ለጎረቤትህ መልስለት፣ ለግድግዳው ይሁነው።

የሸለቆው ልጅ፣ ተባረክ። የተናገርከው ትክክል ነው፣ ለዚህም ነው ምግቡን ቀንስ ያልኩት። ግን የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ብቻውን ፒኤቹን ከ8 ከምናምን አያሳልፈውም፣ እዚያ ሲደርስ መሟሟቱን ይተዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹን 9 የሚያደርገው አረንጓዴው ነው፣ ያንን ነው የሚያወርድልን።

አሁን ለስንዴ ከሚታደለው የእርሻ ኖራ ፈልግ፣ ሲሰጡህ እዚያው ቆመህ ሎሚህን ሞክርበት። መጠኑ በካሬ ሜትር 200 ግራም ነው፣ ያንተ 150 ካሬ ስለሆነ 30 ኪሎ ይበቃሃል። በአንድ ቀን አትጨርሰው። ዓሣ ስላለበት ሦስት ቦታ ክፈለው፣ በየአራት ቀኑ አሥር አሥር ኪሎ፣ በባልዲ ውሃ በጥብጠህ ዙሪያውን እርጨው። የሚመጣው ዓመት ኩሬውን ስታደርቀው ጭቃው ላይ በደንብ በትነው፣ አሲዱ ያለው እዚያ ነው።

እበቱንም ለሁልጊዜ አትተወው፣ መጠኑን ነው የሳትከው። ፀሐያማ በሆነ ቀን እጅህን እስከ ክርንህ ኩሬው ውስጥ አስገባ፣ ጣቶችህን ዘርጋ። ውሃው ገና የእጅ አንጓህን እንዳለፈ መዳፍህ ከጠፋብህ አረንጓዴው በዝቷል፣ ፍግ የሚባል ነገር አታስጠጋ። ክርንህ ደርሶ መዳፍህ ፍንትው ብሎ ከታየህ ቀጭኗል፣ ትንሽ ጨምር። ክርንህ ውሃው ሲነካ መዳፍህ ጭል ጭል ካለ ልክ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክንዴን ነው የተጠቀምኩት። ጨቅየት ያለ ውሃ ከሆነ ግን ክንድህ ይዋሻል፣ አረንጓዴውንና ጭቃውን መለየት አለብህ፤ በብርጭቆ ቅዳና አሳድረው፣ ጭቃ ከሆነ ከታች ይረጋል።

ጊዜ ስታገኝ አንድ ጠርሙስ ሞልተህ፣ አየር ሳታስቀር ከድነህ፣ ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ውሰደውና አልካላይኒቲውን እንዲለኩልህ ጠይቃቸው። ወረቀቱ ፒኤች እንጂ ያንን አይነግርህም።

በኩሬ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስልህ ደግሞ። ቢሾፍቱ ባሉት ጥልቅ ሐይቆች ላይ በብርድ ወራት ላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲመታው ከታች ተኝቶ የከረመው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ይገለበጣል፣ ዓሣ በገፍ ይሞታል። የዚያን ያህል ሐይቅ ትንፋሽ ካጠረው ያንተ አንድ ሜትር ኩሬ ቢያጥረው ጥፋተኛ ነኝ ብለህ አትዘን።

ገንዳ ጠባቂ

እትዬ፣ ስለ ሰዓቱ ያሉት ለኔም በራልኝ። ገንዳዬ ውስጥ ዕፅዋት አሉኝ፣ ማታ መብራቱንም የአየር ፓምፑንም አንድ ላይ ነበር የማጠፋው፣ ድምፁ ስለሚረብሸን። ጧት ጧት ዓሦቼ ላይ ላይ ሆነው የማገኛቸው ለዚህ ነው ማለት ነው?

እትዬ ኩሬ

ለዚህ ነው። ከሁለቱ አንዱን የምታጠፋ ከሆነ መብራቱን አጥፋ፣ ፓምፑ ይደር። ከሥሩ የተጣጠፈ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ አድርግለት፣ ድምፁ ይቀንሳል።

የመራዊ ልጅ

ቆየሁባችሁ፣ ይቅርታ። እንኳን አደረሳችሁ፣ ዓመቱም ተለወጠ።

የእርሻ ኖራ አገኘሁ። ሎሚው ሲያርፍበት እንደ ለስላሳ ፈላ። እንዳሉኝ ሦስት ቦታ ከፍዬ ጨመርኩ። ባሕር ዳር የወሰድኩት ውሃ ኖራው ከመግባቱ በፊት የቀዳሁት ነበር፣ አልካላይኒቲው 14 ወጣ። ከኖራው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ወሰድኩ፣ 46። ወረቀቱ አሁን ጧት 7 እና 7.5 መካከል ነው፣ ከሰዓት ከ8.5 አልፎ አያውቅም።

ሞተሩን ነሐሴን ሙሉ አምስት ሌሊት ብቻ ነው የነዳሁት፣ ደመና የዋለ ቀን። ክንዴን በየሦስት ቀኑ አስገባለሁ፣ እናቴ ምን ጠፋብህ ትለኛለች። እበት ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጨመርኩት፣ እሱንም አድርቄ በጆንያ አስሬ ዳር ላይ ነከርኩት፣ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን መልሼ አወጣሁት።

ትናንት መረብ ስበን ቆጠርናቸው፣ 231 ናቸው። ሚዛን ላይ ያወጣነው አሥሩ አንድ ላይ ሁለት ኪሎ ከሩብ መዘኑ። ጎረቤቴም ከቤቱ በታች ኩሬ ሊቆፍር ቦታ ለክቷል፣ አፈሩን በሎሚ መሞከር ይቻል እንደሆነ ጠይቅልኝ ብሎኛል።

እትዬ ኩሬ

አፈሩን በሎሚ አይሆንም፣ የናንተ ቀይ አፈር ኖራ ስለሌለው አይፈላም። ከሦስት አራት ቦታ ከታች ቆፍሮ ያውጣ፣ አድርቆ ያድቅቀው፣ አንድ እጅ አፈር ከአንድ እጅ የተጣራ የዝናብ ውሃ ጋር በጥብጦ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጠው፣ ያንተን ወረቀት ላዩ ላይ ባለው ውሃ ይንከርበት። ከ6 በታች ከሆነ ውሃ ሳይሞላ ኖራውን ጭቃው ላይ በትኖ ሁለት ሳምንት ይጠብቅ። ከቤቱ በታች ነው ካልክ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ መጀመሪያ ይይ።